ይድረስ ለጓሮው ባለውለታችን

ይድረስ ለተከበርከው ለጎረቤላው የጓሮ ሽንት ቤት። ለጤናህ እንደምን ሰንብተሃል? ይህን ጥያቄ ለዘመድ ወዳጅ በጻፍኩት ደብዳቤ ሁሉ ከልማድ አስገብቼዋለሁ፤ አንተን ግን ከልቤ ነው የምጠይቅህ። ያንተ ጤና የእኛ ጤና ነው። ሞልተህ ከፈሰስክ ወይም ክዳንህ ከወለቀ አልጋ ላይ የምንወድቀው እኛ ነን።

ክብርህን አስቤ «እርስዎ» ልልህ ከጅሎኝ ነበር። ነገር ግን ገበናዬን ያንተን ያህል የሚያውቅ ስለሌለ፣ በአንተታ ብንነጋገር ይቀለናል። ደግሞም ምስጋናው እንደ ሆነ ድሮ ሊደርስህ ይገባ ነበር። እንግዳ ሲመጣ ሳሎኑን፣ አዲሱን ሶፋ፣ ግድግዳው ላይ የተሰቀለውን የምረቃ ፎቶ እናሳያለን፤ አንተን የምንጠቁመው በጆሮ ሹክ ብለን ነው። ሠርግ ተደግሶ ሲያልቅ ወጡ ይመሰገናል፣ ጠላው ይመሰገናል፣ ድንኳን ተካዩ ይመሰገናል። ድግሱን የበላውን ሁሉ ሲያስተናግድ የዋለውን አንተን ግን ስምህን የሚያነሳ የለም። እንግዲህ ዛሬ እኔ ላንሳህ፤ ያለብንንም ዕዳ አንድ በአንድ ልቁጠር።

አስቀድሜ ሥራህን ልናገር። ትልልቅ ከተሞች በፍሳሻቸው ላይ አራት ሥራ አለባቸው፦ ማቀድ፣ መሰብሰብ፣ ማጣራትና ማስወገድ። ለእያንዳንዱ ሥራ መሐንዲስ፣ በጀትና መሥሪያ ቤት ይመደባል። ጎረቤላ የአንኮበር ወረዳ መቀመጫ ናት፤ ከደብረ ብርሃን ወደ ምሥራቅ 40 ኪሎ ሜትር ገደማ ተጉዘው የሚደርሱባት፣ ሸዋ ወደ ቆላው ከመውረዱ በፊት አፋፉ ላይ የተቀመጠች ከተማ። በመንገዶቿ ሥር የተቀበረ የፍሳሽ ቧንቧ የለም። አራቱንም ሥራ የያዝከው አንተ ነህ፤ የት እንደምትቆፈር ሲመከር ታቅደሃል፣ ቀን ከሌሊት ትሰበስባለህ፣ በሆድህ ታብላላለህ፣ የቀረውንም ለአፈር ታስረክባለህ። ደመወዝ ጠይቀህ አታውቅም።

የመጀመሪያው ዕዳ የእናቶቻችን ነው። አንተ ጓሮ ሳትገባ በፊት ሴት ልጅ ሜዳ የምትወጣው ወፍ ሳይንጫጫ ወይም ለዓይን ያዝ ካደረገ በኋላ ነበር። ወንዱ ከአጥሩ ጀርባ ዞር ቢል ማንም አይናገረውም። እሷ ግን ቀኑን ሙሉ ችላ መዋል ነበረባት፤ ችላ ለመዋልም ውሃ አትጠጣም፣ እህልም ብትበላ ነፍስ ለማቆየት ያህል ብቻ ነው። አያቴ ስታወራ እንደ ሰማሁት የሚያስፈራው ጅቡ ብቻ አልነበረም። ጉም በወረደበት ማለዳ አፋፉ ላይ እግር ያንሸራትታል፤ ከጅቡም ከገደሉም ይልቅ የሚከፋው ደግሞ ከሰው ጋር መገጣጠም ነው። ሆዷን የሚቆርጣት፣ ነፍሰ ጡር የሆነች፣ የወር አበባዋ የመጣ፣ ሁሉም ጨለማን ይጠብቁ ነበር። በአጠናና በጭቃ የተሠራ ግድግዳህና በራፍህ ላይ የተንጠለጠለው ጆንያ ለእነሱ ቀኑን መለሱላቸው። እኩለ ቀን ላይ ማንንም ሳታስፈቅድ፣ ማንንም ሳትፈራ መግባትን የመሰለ ነጻነት ወንድ ሆኖ ሙሉ በሙሉ የሚገባው ያለ አይመስለኝም።

ይህ የጎረቤላ ጉዳይ ብቻ አይደለም። የካርተር ማዕከል በአማራ ክልል ትራኮማ የሚባለውን የዓይን በሽታ ለመከላከል ሲሠራ፣ እ.ኤ.አ. በ2004 ወደ 10 ሺህ የቤተሰብ መጸዳጃ ጉድጓዶች ቢቆፈሩ በቂ ነው ብሎ አቅዶ ነበር። ሲቆጠር ከ80 ሺህ በላይ ሆኖ ተገኘ። የማዕከሉ መሥራች፣ የቀድሞው የአሜሪካ ፕሬዚዳንት ጂሚ ካርተር ይህን ታሪክ ኋላ ደጋግመው ሲያወሩ ምክንያቱ ሴቶቹ መሆናቸውን ይናገሩ ነበር። የመጡት ባለሙያዎች ስለ ዝንብና ስለ ዓይን አስተማሩ፤ እናቶች ግን ትምህርቱን ሲሰሙ የታያቸው ከጨለማው መውጣት ነበር። ባሎቻቸውን ነዝንዘው አስቆፈሩህ፤ እምቢ ያለውንም ራሳቸው ድጅኖ አንስተው አሳፈሩት። አንተ በበሽታ ስም ተጠርተህ በክብር ስም የገባህ ነህ።

ሁለተኛው ዕዳ የዓይናችን ነው። በየቤቱ ያሉ አሮጊቶች ወረንጦ ከመቀነታቸው የማይለዩት ለምን እንደ ሆነ በልጅነቴ አይገባኝም ነበር። ትራኮማ ተደጋግሞ ሲያቆስለው የዓይን ቆብ ወደ ውስጥ ይቀለበሳል፤ ፀጉሩም ብሌኑን እየፋቀ እስከ መታወር ያደርሳል። እነዚያ እናቶች ፀጉሩን በወረንጦ እየነቀሉ ዕድሜ ይገፉ ነበር። ክልላችን በዓለም ላይ ትራኮማ እጅግ ከጠናባቸው አካባቢዎች አንዱ ነው። በሽታውን ከልጅ ዓይን ወደ ልጅ ዓይን ከሚያመላልሱት አንዱ ሙስካ ሶርበንስ የሚባለው ዝንብ ሲሆን፣ እንቁላሉን መጣል የሚወደው ሜዳ ላይ በተጣለ የሰው ዓይነ ምድር ላይ ነው። ጉድጓድ ውስጥ ግን አይራባም። ነገሩ እንዲህ ቀላል ነው፤ አንተ ስትከድነው ዝንቡ መውለጃ ያጣል። በጋምቢያ ተካሂዶ እ.ኤ.አ. በ2004 ውጤቱ የታተመ ጥናት፣ መጸዳጃ ቤት ብቻውን በልጆች ዓይን ላይ የሚያርፉትን ዝንቦች በ30 በመቶ ያህል እንደ ቀነሰ አሳይቷል። መድኃኒት ሳትረጭ፣ ሐኪም ሳትጠራ፣ ዝም ብለህ በመቀመጥህ ብቻ ማለት ነው።

ሦስተኛውን ዕዳ ስናገር ፈገግ ብትል አልቀየምህም፤ ጥሬ ሥጋ ወዳዶች ስለሆንን ነው። ኮሶ የሚባለው ትል እንዴት እንደሚዞር አንተ ከማንም በላይ ታውቃለህ። ትሉ በሆዱ ያለ ሰው ሜዳ ሲወጣ እንቁላሉ ሣር ላይ ይቀራል፤ በሬው ሣሩን ይግጣል፤ ከእንቁላሉ የሚወጣው እጭም በበሬው ሥጋ ውስጥ ገብቶ ይሸሸጋል፤ እኛ ደግሞ በበዓል ቀን ያንን ሥጋ በአዋዜ እናነሳለን። ከዚያ ትሉ በሆዳችን በሜትር የሚለካ ርዝመት ያወጣል። አባቶቻችን መድኃኒቱን ከኮሶ ዛፍ አበባ አግኝተው፣ በየወሩም በየሁለት ወሩም አፍንጫቸውን ይዘው ይጠጡት ነበር። ምሬቱን የቀመሰ ያውቀዋል። መድኃኒቱ ግን ትሉን ከሆድ አስወጥቶ ወደዚያው ሜዳ ነበር የሚልከው፤ ዙሩም እንደ ገና ይጀመራል። ዙሩን ከመሠረቱ የሚቆርጠው እንቁላሉን ከሣሩ የሚያርቀው አንተ ነህ። ቁርጥ በልተው ኮሶ ሳይጠጡ የሚያድሩ ሁሉ ከባለ ሥጋ ቤቱ ቀጥሎ ሊያመሰግኑ የሚገባቸው አንተን ነው።

አራተኛው ዕዳ የልጆቻችን ሆድና የከተማችን ሰላም ነው። ተቅማጥ፣ ታይፎይድና ወስፋት የሚሄዱት በእጅ፣ በዝንብ፣ በውሃና በአትክልት ነው፤ መነሻቸው ግን አንድ ነው። ኮሌራም ከዚያው ወገን ነው። በ2008 ዓ.ም. ክረምት አዲስ አበባ ላይ «አተት» በሚል ስም አጣዳፊ ተቅማጥና ትውከት ሲገባ፣ ሰው ሎሚና ሳሙና ለማግኘት በየሱቁ ሲሻማ ሁላችንም አይተናል። እ.ኤ.አ. በ1854 ዶክተር ጆን ስኖው ለንደን ውስጥ ኮሌራ ከአንድ የጉድጓድ ውሃ ፓምፕ እየተቀዳ መሆኑን አሳይቶ የፓምፑን እጀታ አስነቅሏል። ከዚያ በኋላ ሲጣራ የተገኘው ነገር አንተን በቀጥታ ይመለከታል፦ የታመመች ሕፃን ጨርቅ የታጠበበት ውሃ የተደፋበት የአንድ ቤት ጉድጓድ፣ ከውሃው ጉድጓድ አንድ ሜትር በማይሞላ ርቀት ላይ ሆኖ ያንጠባጥብ ነበር። ወንድምህን አምቼ አላስቀይምህም፤ ጥፋቱ ቦታውን የመረጡት ሰዎች ነው። ምንጭና የጉድጓድ ውሃ ቢያንስ 30 ሜትር ይራቁህ፣ አንተም ከምንጩ በታች ተቆፈር የሚባለው ለዚህ ነው። በትክክለኛው ቦታ ስትቀመጥ ከሞት ትጠብቀናለህ፤ ቦታህን ስናሳስት ሞትን እናስጠጋለን።

አምስተኛው ዕዳ በጨለማ ውስጥ ለምትሠራው ሥራ ነው። ብዙ ሰው ዝም ብለህ የምታጠራቅም ይመስለዋል። እንደዚያ ቢሆን ኖሮ በዓመት በሁለት ዓመት በሞላህ ነበር። ጠላ ጠማቂዎች ይቅር ይበሉኝና፣ ሆድህ እንደ ተከደነ ጋን ነው፤ ዓይን የማያያቸው ፍጥረታት አየር በሌለበት እያብላሉ፣ ጠጣሩን ወደ ፈሳሽና ወደ ጋዝ ይለውጣሉ። ፈሳሹ በጎንና በታች ወደ አፈር ይሰርጋል፤ አፈሩም እያጣራ ያሳልፈዋል። ጋዙ ወደ ላይ ይወጣል። የሚቀረው ጥቂት ዝቃጭ ነው። ቃሊቲ ላይ በ2010 ዓ.ም. ሥራ የጀመረው የአዲስ አበባ ዘመናዊ ማጣሪያ በቀን 100 ሺህ ሜትር ኩብ ፍሳሽ እንዲያጣራ የተሠራ ነው። ይህ ግዙፍ ጣቢያ የመጀመሪያውን ከባድ ሥራ የሚሰጠው አየር በሌላቸው ታንኮች ውስጥ ለሚኖሩ ለእነዚያው ጥቃቅን ፍጥረታት መሆኑን ስሰማ ኮራሁብህ። መሐንዲሶቹ ያንተን ሥራ በትልቁ ቀጠሉት እንጂ ሌላ ተአምር አላመጡም።

ነፋስን እንዴት እንደምትጠቀምበትም አይቼ ተገርሜያለሁ። የአየር ቧንቧ የተገጠመልህ ከሆንክ፣ የአንኮበር ነፋስ በቧንቧው አፍ ላይ ሲያልፍ ከውስጥ አየር ይስባል፤ ንጹሕ አየር በበርህ ገብቶ ሽታው በቧንቧው ይወጣል። ውስጥ የተፈለፈለ ዝንብም ብርሃን ወዳየበት ወደ ቧንቧው ጫፍ ይበርና ወንፊቱ ላይ ተይዞ ይቀራል። ለዚህ ነው ውስጥህ ጨለም ማለት ያለበት። ይህን ዘዴ እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ በዛሬዋ ዚምባብዌ ያጎለበተው ፒተር ሞርጋን የሚባል ሳይንቲስት ነው፤ እ.ኤ.አ. በ2013ም የስቶክሆልምን የውሃ ሽልማት ተቀብሏል። እንዳንተ ያለውን ትሑት ፍጡር ሲያሻሽል ለኖረ ሰው የዓለም ትልቁ የውሃ ሽልማት ሲሰጥ፣ ሽልማቱ ከፊሉ ያንተም ነው። እኛ ነፋሱን ስናማ ነው የኖርነው፤ ቆርቆሮ ይገነጥላል፣ ጆሮ ያደነቁራል እንላለን። አንተ ግን ሥራ ሰጥተኸዋል።

ስድስተኛው ዕዳ የእኛ ሳይሆን የታችኞቹ ሰዎች ነው፤ እኔ በውክልና እከፍላለሁ። የምንኖረው ውሃ በሚለያይበት አገር አቅራቢያ ነው። የደብረ ብርሃን በሬሳ ወደ ጀማ፣ ጀማም ወደ ዓባይ ይሄዳል። ከእኛ አፋፍ የሚወርደው ግን ፊቱን ወደ ምሥራቅ አዙሮ በአልዩ አምባ ወገን ወደ ቆላው፣ ከዚያም ወደ አዋሽ ይወርዳል። አዋሽ ደግሞ ባሕር ሳይደርስ አፋር ምድር ላይ አቤ ሐይቅ ገብቶ የሚያልቅ ወንዝ ነው፤ የተቀበለውን ሁሉ እዚያው ያስቀረዋል። በክረምት ዶፍ ሲወርድ ሜዳው ላይ ያደረው ሁሉ ታጥቦ ገደሉን ይወርዳል፤ ታች ያለችው እናትም ማድጋዋን ይዛ ትጠብቀዋለች። «ከራስ በላይ ነፋስ» የሚለው ብሂል በተራራ ከተማ አይሠራም፤ ከራስ በታች ሰው አለ። አንተ የእኛን ነገር እዚሁ ይዘህ ስላስቀረህ፣ አይተውህ የማያውቁ ሰዎች ንጹሕ ውሃ ጠጥተዋል። እነሱ ሊያመሰግኑህ አይችሉም፤ ከምን እንዳዳንካቸው አያውቁምና።

ሰባተኛው ዕዳ ታሪኩ የቆየ ነው። አንኮበር የንጉሥ ሣህለ ሥላሴ መናገሻ ነበረች፤ እ.ኤ.አ. በ1841 የእንግሊዝ መልእክተኛ ካፒቴን ሃሪስ የመጣው ወደዚህ ነው። ምኒልክም የሸዋ ንጉሥ ሆነው ከዚህ ተነሥተው ወደ እንጦጦ ሄዱ፤ በ1879 ዓ.ም. ደግሞ አዲስ አበባ ተቆረቆረች። የቀድሞዎቹ መናገሻዎች አንድ ቦታ አይረጉም ነበር። ዙሪያው ያለው ማገዶ ያልቃል፣ መሬቱ ይቆሽሻል፣ ሰፈሩም ይነሣል። የከተማው ጽዳት ሠራተኞች ጅብ፣ ውሻና የክረምት ዝናብ ነበሩ። አዲስ አበባ ረግታ የቀረችው ባሕር ዛፍ የማገዶውን ችግር ስለፈታላት ነው ተብሎ ሲመሰገን ኖሯል፤ ይገባዋልም። እኔ ግን እላለሁ፦ ማገዶ ብቻውን ከተማን አያረጋም። ሰው ቆሻሻውን ትቶ ከመሄድ ይልቅ እዚያው ቀብሮ መኖርን ሲማር ነው ከተማ የሚጸናው። ባሕር ዛፍ ምስጋናውን ብቻውን ወሰደ። ደግነቱ አጠናው አሁንም ያንተን ወለል ተሸክሞ ቆሟል፤ ዕዳውን በትከሻው እየከፈለ ነው ብለን እንለፈው።

ስምንተኛው ዕዳ ባንተ ምክንያት ለመጡልን ሰዎች ነው። በ1995 ዓ.ም. የጤና ኤክስቴንሽን ፕሮግራም ሲጀመር፣ ከ16ቱ የጤና ጥቅሎች አንዱ አንተ ነበርክ። አሥረኛ ክፍል የጨረሱ ልጃገረዶች አንድ ዓመት ሠልጥነው በየቀበሌው ሁለት ሁለት ሆነው ተመደቡ፤ በጥቂት ዓመታት ውስጥም ቁጥራቸው ከ30 ሺህ አለፈ። እነዚያ ልጆች ዳገቱን ወጥተው ቁልቁለቱን ወርደው፣ ውሻ እየተከላከሉ፣ አባወራውን በር ላይ አቁመው «ጉድጓዱስ የት ደረሰ?» ይሉ ነበር። በዕድሜ አባቷ የሚሆነውን ሰው ስለ ዓይነ ምድር መጠየቅ በባህላችን ቀላል ድፍረት አይደለም። ሰውየው ይስቃል፣ ይቆጣል፣ ቀጠሮ ይሰጣል፤ እሷም በቀጠሮው ቀን ትመለሳለች። የዓለም ጤና ድርጅትና ዩኒሴፍ ባወጡት የጋራ ሪፖርት መሠረት፣ እ.ኤ.አ. በ1990 ከኢትዮጵያ ሕዝብ 92 በመቶው ሜዳ ላይ ይጸዳዳ ነበር፤ እ.ኤ.አ. በ2015 ይህ ወደ 29 በመቶ ወረደ። ከዓለም አገሮች ሁሉ በመቶኛ ሲሰላ ትልቁ ቅነሳ የእኛ ነበር። ለአገራችን ስም የሚያስጠሩ ሯጮች አሉን፤ ይህንን ሩጫ ግን የሮጡት በላስቲክ ጫማ የሚሄዱ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞችና ድጅኖ የያዙ ገበሬዎች ናቸው።

እግረ መንገዴን ለቆፋሪዎችህም ልስገድ። በእኛ ተራራ ጥቂት ክንድ እንደ ተወረደ ዐለት ይገጥማል። ያን ጊዜ ሥራው የዶማ መሆኑ ቀርቶ የድጅኖና የትዕግሥት ይሆናል፤ አንዱ ታች ሆኖ ይፈልጣል፣ ሌላው ላይ ሆኖ አፈሩን በባልዲና በገመድ ይስባል። ከተማ ላይ ደግሞ የሞላ ጉድጓድ የሚያነሱ፣ ቱቦውን በትከሻቸው ይዘው የፍሳሽ መኪናውን የሚያስከትሉ ሠራተኞች አሉ። በመንገድ ሲያልፉ አፍንጫችንን እንይዛለን፤ ሰላም የሚላቸው ጥቂት ነው። እነሱ ለአንድ ወር ሥራ ቢያቆሙ ግን ስንቶቻችን ሆስፒታል እንደምንሰለፍ ማሰብ ነው።

ዘጠነኛውና የመጨረሻው ዕዳ፣ ዘመንህ ሲያልቅ እንኳ ባዶ እጅህን አለመሄድህ ነው። ያው ፒተር ሞርጋን «አርቦርሉ» ብሎ ያስፋፋው ዘዴ እኛም አገር ገብቷል፤ ጥልቀቱ አነስተኛ የሆነ ጉድጓድ ሲሞላ አፈር ይለብስና ዛፍ ይተከልበታል። በእኛ ጓሮ የቀድሞው ጉድጓድ ላይ የበቀለ ጌሾ አለ፤ በሰፈሩ ቅጠሉ እንደሱ የሚያምር አላየሁም። ጠላችንን የሚያደንቅ እንግዳ ሲገጥመን እናቴ ምስጢሩን ለመናገር ከንፈሯ ይቁነጠነጥና ትተወዋለች። የወስፋት እንቁላል ቶሎ ስለማይሞት የተዘጋ ጉድጓድ ከሁለት ዓመት በፊት እንደማይነካ ግን ለልጆቹ ሁሉ አስተምራለች። ከተከበረልህ ጊዜ በኋላ ለምለም አፈር ሆነህ ትመለሳለህ።

እንግዲህ ውለታህ ይህን ያህል ከሆነ፣ በምን እንክፈልህ? ሐቁን ልንገርህ፦ በምስጋና ብቻ ከሆነ አንተን ማታለል ነው። ጎረቤላ እያደገች ነው። በአንድ ግቢ ውስጥ የሚከራዩ ክፍሎች ይጨመራሉ፤ አንተ ግን ያው አንድ ነህ። ለአንድ ቤተሰብ የተቆፈረ ጉድጓድ ብዙ አባወራ ሲጋራው ቶሎ ይሞላል፤ ሲሞላም ለሚቀጥለው ጉድጓድ የሚሆን ባዶ መሬት በግቢው ውስጥ አይገኝም። ይህ የእኛ ችግር ብቻ አይደለም። ደብረ ብርሃን በፋብሪካና በሰው እየሰፋች በሄደች ቁጥር ያው ጥያቄ ይጠብቃታል። አዲስ አበባ ቃሊቲን የመሰለ ማጣሪያ ይዛ እንኳ አብዛኛው ነዋሪዋ ዛሬም የሚኖረው እንዳንተ ባለ ጉድጓድና በሴፕቲክ ታንክ ነው፤ የሞላውንም መኪና መጥጦ ይወስደዋል። ስለዚህ ቧንቧ እስኪመጣ አንተን እንናቅ የሚል ሰው ዋና ከተማዋን አላያትም። የሚያስፈልገው አንተን ከነጭራሹ መተካት ሳይሆን ከጀርባህ ሰው መቆም ነው፤ የሞላውን የሚያነሳ መኪና፣ መኪናው የሚያራግፍበት ከምንጭና ከመንደር የራቀ ማድረቂያ ቦታ፣ ይህንንም ገና ባዶ መሬት ሳለ በከተማው ፕላን ላይ የሚያሰፍር እጅ። ቤት ከተሠራበት በኋላ የሚፈለግ ቦታ አይገኝም፤ ቢገኝም ከሰው ጓሮ ነው።

የተባበሩት መንግሥታት እ.ኤ.አ. በ2013 የዓለም የመጸዳጃ ቤት ቀንን ኖቬምበር 19 ላይ ሰይሟል፤ በእኛ አቆጣጠር አብዛኛውን ጊዜ ኅዳር 10 ላይ ይውላል። ከሁለት ቀን በኋላ ኅዳር 12 ነው፤ በ1911 ዓ.ም. ሰው የጨረሰውን የኅዳር በሽታ እያሰብን በየደጃፉ ቆሻሻ የምናቃጥልበት ኅዳር ሲታጠን። የቀኖቹ መቀራረብ ማንም ሳያስበው የሆነ ነው፤ እኛ ግን ልናስብበት እንችላለን። ለጭስ ቀን ያለው ሕዝብ፣ ለጓሮው ባለውለታ አንድ ማለዳ መስጠት አያቅተውም።

ስለዚህ ይህን ደብዳቤ ለምታነቡ ጎረቤቶቼ ቃሌ ይህ ነው። በዚህ ኅዳር ከመታጠኑ በፊት ጓሮ ግቡ። ክዳን የሌለው ይከደን፤ ከተጠቀማችሁ በኋላ አመድ ጨምሩበት። በራፉ ላይ የተበሳ ጄሪካን ስቀሉ፣ ሳሙናም ይኑር፤ እጅ ሳይታጠብ የሽንት ቤት ጥቅሙ ግማሽ ነው። የክረምት ጎርፍ እንዳይገባበት በላዩ በኩል ቦይ ቅደዱ። እስከ ጠርዙ ሊሞላ ግማሽ ሜትር ሲቀረው ዝጉና ሌላ ቆፍሩ፤ ከምንጩ 30 ሜትር ርቃችሁ፣ ከምንጩ በታች። ክፍል የሚያከራይ ሰው ክፍል ሲጨምር ጉድጓድም ይጨምር። የከተማችን አስተዳዳሪዎች ደግሞ የዝቃጭ ማስወገጃውን ቦታ ዛሬ ይከልሉልን። ምስጋና የማያውቅ ከተማ ዕዳውን በልጆቹ ሆድ ይከፍላል፤ ጎረቤላ እንደዚያ እንድትከፍል አንፍቀድ።